ሞራ ያለበት ታማሌ

ተሻገር የአሌክሳንድሪያዋን ቤት ቁልፍ ለእህቱ ለፅጌ የሰጣት በፋሲካ ሰሞን ነው። ቤቷ ትንሽ ናት። ከአንድ ሎንድሪ ጎን ተጣብቃ፣ ሀበሻ ከሞላባቸው አፓርታማዎች ፊት ለፊት ትገኛለች፤ ፓርኪንጉ ሁልጊዜ በታክሲ እንደተጨናነቀ ነው። ተሻገር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ስም ያለው ምግብ ቤት አለው። ክትፎውን ብሎ ከፌርፋክስ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። ሁለተኛ ቤት ለመክፈት ሲያስብ ሲተወው ኖሮ፣ እህቱ ባሏ ሞቶባት ከቴክሳስ ጠቅልላ ስትመጣ የሚያምነው ሰው ተገኘለት። ቁልፉን ሲሰጣት ምን እንደምትሠራ እንኳ አልጠየቃትም። ምኑ ይጠየቃል? ሽሮ፣ ጥብስ፣ ቅዳሜና እሁድ ዶሮ ወጥ።

ፅጌ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ ነው የነገረችው።

"ወንድም ጋሼ፣ እኔ የምሠራው የቴክሳስ ሜክሲኮ ምግብ ነው።"

የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ፅጌ አሜሪካ የገባችው በዲቪ ነው። የተቀበላቸው ዘመድ የሚኖረው ሳን አንቶኒዮ ስለነበር ከባሏ ከዋቅጅራ ጋር እዚያው ቀሩ። እሱ ትራክ መንዳት ጀመረ፤ እሷ ዶኛ ኦራሊያ በሚባሉ አሮጊት ምግብ ቤት ሰሃን ማጠብ። ኦራሊያ ዘር ማንዘራቸው ቴክሳስ ውስጥ የኖረ ሜክሲኳዊት ናቸው። በዚያን ጊዜ ፅጌ የአሜሪካ ምግብ አፏ ላይ አልዋል ብሏት፣ ከስታ፣ ቀሚሷ በመርፌ ቁልፍ ነበር የሚያዘው። አንድ ቀን ኦራሊያ አንድ ሰሃን ኢንቺላዳ ሰጧት። ቺዝ የተጠቀለለበት የበቆሎ ቂጣ ነው፤ ላዩ ላይ በደረቀ በርበሬና በከሙን የተሠራ ቀይ መረቅ ፈሶበታል፣ ጎኑ የተፈጨ ባቄላ አለ። ሳሙና በነካው እጇ፣ ማጠቢያው አጠገብ እንደቆመች በላችው። ከዚያ ሰሃኑን አጥባ መልሳ ለኦራሊያ ዘረጋችላቸው። አሮጊቷ ደገሟት። በሳምንቱ ከማጠቢያው አንስተው ምድጃ ላይ አቆሟት።

እዚያ ምድጃ ላይ ብዙ ዓመት ቆመች። ቶርቲያ የሚባለውን የስንዴ ቂጣ በመዳፍ መዳመጥ፣ በርበሬውን ሳያሳርሩ ማመስ፣ ሥጋውን ሳይፈጩ በቢላ መክተፍ ተማረች። ከሁሉ የምትወደው ግን የዲሴምበሩን ነበር። የፈረንጆች ገና ሲቃረብ የኦራሊያ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይከባል። አንዱ በውሃ የራሰ የበቆሎ ሽፋን ቅጠል ላይ ሊጥ ይቀባል፣ አንዱ ሥጋውን መሀሉ ያስቀምጣል፣ ሌላው ጠቅልሎ ያጥፋል፤ ከዚያ በእንፋሎት ይበስላል። ታማሌ ይሉታል። ሐሜት አለ፣ ሳቅ አለ፣ የቤተሰብ ኩርፊያ የሚፈታውም የሚጀመረውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። የዋቅጅራ ድርሻ ማጠፍ ነበር። ጣቶቹ የሾፌር ጣቶች ስለሆኑ ቅጠሉ ይቀደድበታል፤ የተቀደደውን ደግሞ "ይሄ ለሰው አይሆንም" እያለ ገና ከድስቱ ሲወጣ ይበላዋል። ኦራሊያ ሆን ብሎ ነው የሚቀድደው ይሉ ነበር። የፅጌና የዋቅጅራ ልጅ ዮሐና እዚያ ጠረጴዛ ሥር ተጫውታ ነው ያደገችው።

ተሻገር ይሄን ሁሉ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው እህቱ ከቴክሳስ መጥታ እብደት እንደምትናገር ነው። ሀበሻ ሆና ታኮ ብትሸጥ ማን ይገዛታል አላት። እሷም ክትፎውን ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሚከትፈው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። መልሱን ያውቃል፤ ዋና ምግብ አብሳዩ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው፤ ከቅመም አጣጣል ጀምሮ ሁሉንም ራሱ ተሻገር አስተምሮታል።

"እሱ ክትፎ ሲከትፍ ማንም ምንም አላለውም፤ እኔ ታማሌ ብጠቀልል ምን ይገርማል?" አለችው።

ተሻገር ነጋዴ ነው፤ በአንዱ ሲያቅተው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። እሺ፣ በርበሬያችንን ጨምሪበት፣ ቤቱን ኢትዮ ሜክስ እንበለው፣ ዛሬ ሰው እንዲህ ያለ ድብልቅ ይወዳል አላት። ፅጌ በርበሬያችን የት እንደሚገባ ጠንቅቃ እንደምታውቅና እዚህ ውስጥ ግን እንደማይገባ ነገረችው። ሲጨቃጨቁ ውለው በመጨረሻ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ትሞክር ተባባሉ። በሩ ላይ "ሳን አንቶኒዮ" ብላ አስጻፈች።

መጀመሪያ የመጡት የታክሲ ሾፌሮች ናቸው። ሊስቁባት ነው የመጡት። አንዱ ቺሊ አዝዞ፣ ሥጋው በቀይ መረቅ ውስጥ ሲቀርብለት ቀይ ወጥ መሰለውና እንጀራ ጠየቃት። ፅጌ ገና ከምጣዱ የወጣ፣ ያበጠ፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር ያለ ቶርቲያ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችለት።

"መጉረስ ታውቅ የለ? በዚህ ጉረስ" አለችው።

ጎረሰ። በማግስቱ ሌሎች ይዞ መጣ። እየቆየ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር መጥፋት ጀመረ።

ከሾፌሮቹ ቀጥላ የመጣችው ሶኮሮ ናት። ሎንድሪው ውስጥ ልብስ አጣፊ ናት፤ አገሯ ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ የሚባል ቦታ ነው። ኢንቺላዳ አዘዘች፣ ሰሃኑ ላይ የቀለጠውን ቢጫ ቺዝ አየች፣ ሹካዋን አስቀመጠች። በአገሬ እንዲህ ያለ ነገር የለም አለች። ፅጌ ከኦራሊያ ማድ ቤት በለቀመችው ስፓኒሽ፣ በሩ ላይ የተጻፈው ሜክሲኮ ሳይሆን ሳን አንቶኒዮ መሆኑን ነገረቻት። ሶኮሮ ትንሽ ቆይታ፣ እንደተቆጣች ወጣች። ሰሃኑ ግን ባዶ ነበር። በማግስቱ በጠርሙስ ጥቁር ወጥ የመሰለ ነገር ይዛ ተመለሰች፤ ሞሌ ይባላል፤ ብዙ ዓይነት በርበሬ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ቸኮሌት ሳይቀር አለበት። ምግብ ማለት ይሄ ነው ብላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችላት። ፅጌ በማንኪያ ቀመሰች። ሁለተኛ ቀመሰች። አስተምሪኝ አለቻት። ሶኮሮ መጀመሪያ ያንን ቢጫ ቺዝ ጣይ አለች። ፅጌ አልጥልም አለች። ሁለቱም ሐሳባቸውን አልቀየሩም፤ ሶኮሮ ግን ሺፍቷን ስትጨርስ እየመጣች ሞሌ ታስተምራት ጀመር፤ በዚያው ጓደኛሞች ሆኑ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቃት ሰው ምሳ እየበላ፣ ይሄ ምግብ እንደ እኛ ስደተኛ ነው፣ እዚህም እዚያም የማይሆን ነው እያለ ሊፈላሰፍላት ሞከረ። ፅጌ ምግብ እንደሆነና ሳይቀዘቅዝ ቢበላው እንደሚሻል ነገረችው።

ነገር የመጣው ዲሴምበር ሲገባ ነው። ፅጌ ታማሌ ልትሠራ ተነሳች። የታማሌ ሊጥ ደግሞ በአሳማ ሞራ ነው የሚለወሰው። ሞራው ነጭ አረፋ እስኪመስል ይመታል፤ ከዚያ የበቆሎው ሊጥ ይገባል። ከሊጡ ጥቂት ቆንጥረው ውሃ ውስጥ ሲጥሉት ከተንሳፈፈ ደርሷል፣ ከሰጠመ ገና ነው። ኦራሊያ እንዲህ አስተምረዋታል፤ ሶኮሮም አገሯ እንዲሁ ነው የሚሠሩት። በቢጫ ቺዝ የማይስማሙት ሁለት ሴቶች በሞራው አንድ ቃል ናቸው። ዕቃ ሲወርድ ያገዛት አንድ ሾፌር የሞራው ባልዲ ላይ የተሣለውን አሳማ አየ። ወሬው ወንዝ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ ጊዜ አልወሰደበትም።

ተሻገር ከሥራው መሀል ተነስቶ መጣ። ሁለቱም የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለሆኑ በሃይማኖት አልመጣባትም። የመጣባት በደንበኛ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ደንበኛው ብዙው ኦርቶዶክስ ነው፣ የገና ጾም ላይ ነው፤ ሙስሊሞችም አሉ። ተሻገር አሳማ ይሸጣል ከተባለ የዕድሜ ልክ ሥራው ገደል ይገባል። በዘይት ሥሪው አላት።

ፅጌ ስጋቱን ትረዳው ነበር። ለጿሚም ለሌላውም እንዲሆን የባቄላ ታማሌ በዘይት እንደምትሠራ፣ ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ እንደሚሆን ነገረችው። የሥጋው ሊጥ ግን በሞራ ነው።

ተሻገር ግንባሩን ሲያሽ ቆየና፣ "እሺ ሥሪው። ግን አትናገሪ" አላት።

ሞራውን ተዪው ከማለቱ ይልቅ ይሄ አናደዳት። እሱ ግን ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮት ሄደ።

ወሬውን ለማጥፋት ብሎ በሚቀጥለው ቅዳሜ ፌርፋክስ ካለው ቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረትን ምሳ ጋበዘ። እትዬ የምስራች ፊት ሆነው ገቡ። እኚህ ሴት በጉባኤው የሚደመጡ ናቸው፤ የማን ሽሮ ቀጠነ፣ የማን ልጅ መረን ወጣ ብለው ካሉ አለቀ። ጠረጴዛዎቹ ሞሉ። ተሻገር ራሱ ትሪ ይዞ ያስተናግዳል። ታማሌው በቅጠሉ እንደተጠቀለለ፣ እንፋሎቱ እየወጣ ቀረበ፤ ቅጠሉ ሲገለጥ የበቆሎና የበርበሬ ሽታ ቤቱን ሞላው።

እትዬ የምስራች ከመቅመሳቸው በፊት ቀና አሉ። "ተሻገር ልጄ፣ አሳማ አለበት የሚሉት እውነት ነው እንዴ?"

ተሻገር ፈገግ ብሎ፣ የሰው ወሬ መሆኑን፣ ምንም እንደሌለበት ነገራቸው።

ፅጌ በማድ ቤቱ መስኮት ሰማች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወጣች።

"አለበት፣ እትዬ። ሥጋው የበሬ ነው፤ ሊጡ ግን በአሳማ ሞራ ነው የተለወሰው። የባቄላው በዘይት ነው፤ ድስቱም ለብቻ ነው። የፈለጉትን ይብሉ።"

ተሻገር ጥርሱን ነክሶ ግቢ አላት።

"ወንድም ጋሼ፣ ቤቱ ያንተ ነው" አለችው ሰው ሁሉ እየሰማ። "አፌ ግን የኔ ነው። ሰውን ዋሽቼ አላጎርስም።"

ሰሃናቸውን የገፉ አሉ። ኮታቸውን አንስተው የወጡም አሉ፤ አንዷ በሩ ላይ ስትደርስ ምራቋን ተፋች። መቅዲ የምትባለው፣ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ሴት፣ ጥያቄው ገና ሳይነሳ መብላት ጀምራ ነበርና ዙሪያዋን አየች፣ ከዚያ እኔ ጀምሬዋለሁ ብላ መብላቷን ቀጠለች። እትዬ የምስራች ፊታቸው ያለውን ታማሌ በጣታቸው ወደ ዳር አደረጉት።

"ጌታን ካወቅሁ ወዲህ በምግብ ሰው አልኮነንኩም" አሉ። "አሳማ ግን በልቼ አላውቅም፣ ዛሬም አልጀምርም። ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የባቄላውን አምጪልኝ።"

ፅጌ የባቄላውን አመጣችላቸው። ሁለት በሉ። ለተሻገር እስኪወጡ ድረስ ቃል አልተነፈሱም።

ተሻገር ሰኞ መጥቶ ቁልፉን ተቀበለ። አልጮኸም፤ ሰው ፊት አዋረድሽኝ ብቻ አላት። ፅጌም ልታዋርደው እንዳልወጣች፣ ግን ያው ጥያቄ ነገ ቢጠየቅ ያው መልስ እንደምትመልስ ነገረችው። የራሷን ድስቶችና ምጣዱን ብቻ ይዛ ወጣች። ዮሐና መኪናዋን አምጥታ ስታግዛት ታለቅስ ነበር፤ እናቷ አላለቀሰችም። "ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?" ስትላት፣ ድስቱን ቀና አድርጊው፣ መረቅ አለበት አለቻት።

የሶኮሮ የባሏ ወንድም ሀያትስቪል ውስጥ ከአንድ ጎሚስታ ጎን የሚያቆመው የምግብ መኪና አለው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እሱ ስለማይሠራበት ሁለቱ ሴቶች ያዙት። ፅጌ ከመስኮቱ በላይ በትልቅ ሰሌዳ በሦስት ቋንቋ ጻፈች። አማርኛው እንዲህ ይላል፤ "የሥጋው ታማሌ የአሳማ ሞራ አለበት። የባቄላው የለበትም።" ዮሐና ጽሑፉ በዛ፣ ከምግቡ ስም እኮ በለጠ አለቻት። ፅጌ አሳንሼ ከጻፍኩት መደበቅ ነው አለች።

ጃንዋሪ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ላይ ጎማ ሊያስነፉ ከመጡ ሰዎች በቀር የመጣ የለም። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ወሬው አልበረደም፤ ሰላምታ የሚነፍጓት ነበሩ። ፅጌ እሁድ ሥራዋን ጨርሳ፣ ልብሷ ከሙን ከሙን እየሸተተ፣ ከፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ቀድሞ የምትቀመጠው ከኋላ ነው። አንድ ሽማግሌ ለወንድምሽ ስትይ ይቅርታ ብትጠይቂ ምን አለበት ብለው መከሯት። እሷም የዋሸ ሰው ይቅርታ ከጠየቃት ወዲያው ይቅር እንደምትል ነገረቻቸው።

ዓርብ ማታ ማታ የፅጌ አፓርታማ ጠረጴዛ ይሞላል። ሶኮሮ ትመጣለች፣ ዮሐና ትመጣለች፣ መቅዲ ኦቨርታይም ከሌላት ትመጣለች። ሶኮሮ ትቀባለች፣ መቅዲ ሥጋውን ታስቀምጣለች፣ ዮሐና ታጥፋለች። የዮሐና አስተጣጠፍ የአባቷን ይመስላል፤ ግማሹ ይቀደዳል። ሶኮሮ ስለ ሎንድሪው ማናጀር በስፓኒሽ ስታማ፣ መቅዲ ሳይገባት ከሁሉም ቀድማ ትስቃለች፤ የተቀደደው ሁሉ ከድስቱ እንደወጣ፣ ጣት እያቃጠለ፣ ትንሽ ሞሌ እየተደረገበት እዚያው ያልቃል። ፅጌ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ በልታ አታውቅም ነበር።

ቀስ እያለ ሰው መጣ። መጀመሪያ የአሌክሳንድሪያ ሾፌሮች፣ ከዚያ የሶኮሮ አገር ሰዎች፣ ከዚያ መቅዲ የምታመጣቸው። ሁለቱ ድስቶች ጎን ለጎን ይፈላሉ። ሰሌዳውን አንብቦ የሚመለስ አለ፤ አንብቦ የባቄላውን የሚወስድ አለ፤ አንብቦ ስቆ ባለ ሞራውን የሚያዝ አለ። አንድ ጿሚ ሾፌር፣ እዚህ ብቻ ነው የምበላውን የማውቀው ብሎ ለቤተሰቡ በካርቶን ይወስዳል።

ሜይ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የተሻገር ሚስት አብርሆት መስኮቱ ጋ መጣች። ተሰልፋ፣ ተራዋን ጠብቃ ነው የደረሰችው። ደህና ነሽ ወይ ከተባባሉ በኋላ መልእክቷን ተናገረች። የአሌክሳንድሪያው ቤት አልሆነም። ተሻገር ሽሮና ጥብስ አስገብቶ ነበር፤ በዚያው መንገድ ላይ ግን ሽሮና ጥብስ የማይሸጥ ቤት የለም፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ሴትዮዋ የት ሄደች ይላል። ፅጌ ተመልሳ ትግባ፣ የፈለገችውን ትሥራ፣ ሞራውም ይሁን። ይሄ ሰሌዳ ብቻ አብሯት አይምጣ።

ፅጌ ሰሌዳው የማይገባበት ቤት እሷም እንደማትገባ ነገረቻት። ቁልፉን ይያዘው አለች፤ በቁጣ አልነበረም።

አብርሆት ፈገግታ ቢጤ አመለጣት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ባለ ሞራውን ሁለት ደርዘን ጠቅልዪልኝ አለች። ለማን እንደሆነ ፅጌ ገባት። አሻግራ ስታይ፣ ከጎሚስታው ማዶ የወንድሟ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል፤ መስታወቱ ተዘግቷል።

አንዱን ከድስቱ አወጣች። ቅጠሉን ገልጣ የወረቀት ሰሃን ላይ አደረገችው፤ ቀዩን መረቅ አፈሰሰችበት፤ ቢጫ ቺዝ ነሰነሰችበት።

"ተደብቆ ቤት የሚበላ የለኝም" አለቻት። "ከፈለገ እዚሁ፣ ሰው ፊት ይብላ። ከወደደው የቀረውን እጠቀልልልሻለሁ።"

አብርሆት ሰሃኑን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። መስታወቱ ወረደ። የሚባባሉት አይሰማም፤ ብዙ ተባባሉ። ሰልፉ ላይ ያሉት ሾፌሮች ነገሩ ገብቷቸው ዘወር ዘወር ይላሉ። ፅጌ የደረሰውን ታስተናግዳለች፣ ዓይኗ ግን እየሄደ ይመለሳል።

ሞተሩ ጠፋ። ተሻገር ወረደ። ሰሃኑን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠ፣ ከረባቱን ወደ ትከሻው ወረወረ፣ ጎንበስ ብሎ በላስቲክ ሹካ መብላት ጀመረ። ከሰልፉ አንዱ ሾፌር ጋሽ ተሻገር፣ እንዴት ነው ብሎ ጠራው። ተሻገር አፉ ሙሉ ስለነበር እጁን ብቻ አነሳ። እስኪጨርስ ቀና አላለም። ሰሃኑን አጥፎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለ፣ ወደ መስኮቱ ለመምጣት አንድ እግሩን አነሳ፣ ከዚያ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባ።

አብርሆት ግን መጣች፤ ሁለቱን ደርዘን ተቀበለች። ሶኮሮ ማን ነው ሰውዬው ብላ ስትጠይቅ ፅጌ ታላቅ ወንድሜ ነው አለቻት፤ ይመጣል፣ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይመጣል። ከዚያ እጇን ጠርጋ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረችና፣ ሞራ ያለበትን ነው የሌለበትን ብላ ጠየቀችው።